አልወርድም ያለው መሪ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ከውሃ ውስጥ የወጣ ዕቃ ንጹህ ነው ወይስ አይደለም?

ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። መምህርነት ደግሞ እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሥራ ጨርሰህ ስትወጣም አብሮህ ይወጣል። ባለፈው አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጇን «የዛሬውን ልዩ ምግብ ማን ሊነግረኝ ይችላል?» ብላት፣ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ሥራ አስኪያጁን ጠርታ መጣች።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ንጹህ ነው» ያላችሁ ሁሉ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጠጋ ጠጋ እንላለን። እኔም እንደዚያው ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የስፖርት መምህር ጡረታ ሲወጣ ጋራዡን ባዶ ማድረግ ነበረበትና «አንተ ወጣት ነህ፣ ውሰደው» ብሎ ካያክ ሰጠኝ። ካያክ ማለት እንደ ቃሪያ የሾለ፣ ረጅምና ጠባብ ጀልባ ነው። የእኔው ለባህር የተሠራ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ነው። እኔ እንግዲህ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባህር የማውቀው በካርታ ላይ ነው፤ እሱንም ቢሆን በሰማያዊ እርሳስ የቀባሁት ራሴ ነኝ። ቢሆንም የተሰጠኝን ነገር አልፈልግም ማለት አላስተማሩኝም።

ያን ሰመር፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ፣ መቅዘፍ ተማርኩ። መጀመሪያ ከጀልባው መውደቅ ተማርኩ፣ ቀጥሎ መቅዘፍ። በየሳምንቱ መጨረሻ ጀልባውን መኪናዬ ጣሪያ ላይ ጠፍሬ ወደ ባህር ዳርቻ እነዳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጀልባውን ከነዕቃው፣ ከነእርጥበቱ፣ ቤዝመንታቸውን፣ ማለትም ምድር ቤታቸውን፣ ካከራዩኝ ከእትዬ ብርቄ ቤት ጀርባ በረንዳው ስር አስገባሁና ሸራ አለበስኩት። ሰመሩን ሙሉ በባህር ሲታጠብ የከረመ ጀልባ ደግሞ ምን መታጠብ ያስፈልገዋል? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ሳይንስ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ?

በጸደይ ሸራውን ገለጥኩት። የሕይወት አድን ሰደርያው ዚፕ ጥርሱን ነክሶ አልናገርም አለ። የእግር ፔዳሎቹ ነጭ ዱቄት ለብሰው ቀዝቃዛ አሹቅ መስለዋል። ሁለት መቅዘፊያ አለኝ፤ ከሁለት ቁራጭ መሃል ላይ የሚጋጠመው አንደኛው ተጋጥሞ ቀርቷል፤ ብስበው፣ ብጠመዝዘው፣ ጉልበቴ መሃል አድርጌ ባቃስት ሁለትነቱን ረስቷል። የባሰው ግን መሪው ነው። መሪ የሚባለው ከጀልባው ጭራ ላይ ያለ ክንፍ መሳይ ነገር ነው። መንገድ ላይ ታጥፎ ጀርባው ላይ ይተኛል፤ ባህር ሲገባ ገመድ ይሳባል፣ መሪው ወደ ውሃው ይወርዳል፣ በእግር ፔዳል ግራና ቀኝ ይታዘዛል። ገመዱን ሳብኩት። መሪው አልወርድም አለ።

አሁን ትንሽ ላስረዳ፤ አጭር ነው።

ጨው ራሱ ብረት አይበላም። ጨው እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ አይጣላም፣ ያጣላል። የባህሩ ውሃ ደርቆ ሲሄድ ጨው በዚፑ ጥርስ መሃል፣ በሚስማሩ ጉሮሮ፣ በማጠፊያው ብብት ስር ተደብቆ ይቀራል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ከአየሩ እርጥበት ይጠራል። እርጥበቱ ይመጣል፣ ጨዉ በጆሮው አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ብረቱ መበላት ይጀምራል። በተለይ ሁለት የማይመሳሰሉ ብረቶች ተያይዘው የጨው ውሃ መሃላቸው ከገባ አንዱ ሌላውን ይበላል። ይህንን ለእትዬ ብርቄ ሳስረዳቸው «ይሄማ ጋብቻ ነው» አሉኝ።

«ስቴንለስ አይደለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ስቴንለስ ማለት የማይዝግ ሳይሆን ቶሎ የማይዝግ ማለት ነው፤ «እኔ እንኳ አላገባም» እንደሚሉት ወንደላጤዎች። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነበር። ከባህር እንደወጡ ዕቃው ሳይደርቅ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ የሚነቀለውን ነቅሎ፣ የሚከፈተውን ከፍቶ፣ ዚፑን ወዲያና ወዲህ እየሳቡ። ከዚያ ጥላ ስር ማድረቅ፤ በመጨረሻም የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ውሃ የማያነሳው ቅባት መቀባት። ሕፃን እንደማጠብ ነው፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት። እኔ ልጁን ከነጭቃው አስተኝቼው ከረምኩ።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ ጀልባውን ሸራውን መልሼ አልብሼው እኔም ወደ ሰማያዊ እርሳሴ እመለስ ነበር። ግን ከእኛ ከተማ በባቡር በምትደረሰው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ተጠራሁ። ምግብ ከቀረበ በኋላ ሹካ እንደ መሪ ይዤ፣ ማንኪያ እንደ ጀልባ አድርጌ ስለ ጨውና ስለ ብረት ሳስረዳ፣ የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ «መጣሁ» እያለ ተነሳ። ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ግራጫ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ጀልባው ባህር ይገባል?» አሉኝ።

«ይገባል፣ አባቴ።»

«ጨው ያለበት ባህር?»

«ጨው ባይኖርበትማ ይሄ ሁሉ መከራ ከየት ይመጣ ነበር?»

ወንበራቸውን አስጠጉ። «ደመላሽ እባላለሁ። ባህር ኃይል ነበርኩ፤ ምጽዋ።»

ለካ እዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ «ካፒቴን» ነው የሚላቸው። ጋሽ ደመላሽ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር እዚያው አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ከቤታቸው ፖቶማክ ወንዝ በእግር ይደረሳል፤ እሳቸው ግን አይቆጥሩትም። «ወንዝ መንገደኛ ነው» አሉኝ፤ «ባህር ግን ባለቤት ነው። ይሄ ፖቶማክ ሰላም ሳይለኝ እንዳለፈ ይኖራል።»

ይህን ጊዜ ሰናይት መጣች። ነርስ ናት፤ ስትናገር ሙቀት እየለካች ይመስላል። ዴንቨር ሥራ አግኝታ በወሩ መጨረሻ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው።

«ዴንቨር ባህር አለ?» አሉኝ ጋሽ ደመላሽ፣ መምህር ስለሆንኩ ባህር እንደ ማርክ ልጨምርላቸው የምችል ይመስል።

«ተራራ ነው አባዬ፤ ነግሬሃለሁ እኮ» አለች ሰናይት።

«እኔ ከተራራ ወርጄ ነው ባህር ኃይል የገባሁት። አሁን መልሰሽ ልትሰቅይኝ ነው?»

እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍም። «አንድ ቀን ይዤዎት እገባለሁ፤ ጀልባው ለሁለት ሰው ነው» አልኩ። የሽማግሌው ፊት ሲበራ አያችሁ? አላያችሁም። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ለዚያም ነው ቃሌን መብላት ያቃተኝ።

ሰናይት ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ቲቸር፣ አትቀየመኝ። አባዬ ጉልበቱን ኦፕሬሽን ሆኗል። አንተን ደግሞ ሲያዩህ ባህር የምታውቅ አትመስልም። ጀልባው መሪ አለው?»

«አለው።»

«ይሠራል?»

መምህር መዋሸት አይችልም፤ መልሱን ያርቃል እንጂ። «መሥራቱ አይቀርም» አልኩ።

«እንግዲያው ስማኝ። መሪው ሲወጣና ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ። ከሠራ ይገባል። ካልሠራ ግን አባዬን መሪ የሌለው ነገር ላይ አላስቀምጥም። የሚመቸን የመጨረሻው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ሙቭ እናደርጋለን።»

እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰው ባህር የእኔ ዝገት ላይ ተንጠለጠለ።

ዘይት አንጠባጠብኩ። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ። በትንሽ መዶሻ አባበልኩ። መሪው ንቅንቅ የለም። ጋሽ ደመላሽ በየቀኑ ይደውላሉ። አንድ ከሰዓት እንጀራ ልገዛ የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ሳለሁ ደወሉ። እዚያ ሱቅ መስኮቱ ጋ ወንበሮች አሉ፤ ወንበሮቹ ላይ ሁልጊዜ ታክሲያቸውን ያቆሙ ሰዎች ተቀምጠው ዓለምን ያስተዳድራሉ። ያኔ ስልካችን የሚታጠፈው ዓይነት ነው፤ የጋሽ ደመላሽ ጆሮ ደግሞ ደከም ብሏል። ስለዚህ ጮኼ ነው የማወራው።

«ጋሼ፣ እስካሁን አልወረደም!»

ሱቁ ውስጥ ወሬው ቀነሰ።

«ሌላውማ ደህና ነው፤ መሪው ነው እንጂ! መሪው አልወርድም ብሏል!»

ወሬው ቆመ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ብዙ ጊዜ ስለተቀመጠ ነው ጋሼ! ተጣብቆ ቀርቷል! ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ዝገት ነው!»

«እውነትህን ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«በኃይል ካልነው ይሰበራል፤ ቀስ ብለን ብናለሳልሰው ይሻላል!»

ባለኮፍያው ብድግ አለ። «ማለሳለስ? ደግሞ ማለሳለስ? እስከ መቼ ነው የሚለሳለሰው?»

«ልጁ ልክ ነው» አለ ጎኑ የተቀመጠው። «በኃይል የወረደ መሪ ከእሱ የባሰ ኃይለኛ ነው የሚያስቀምጠው።»

«አንተ ድሮም ወላዋይ ነህ!»

«እኔ ነኝ ወላዋይ? ባለፈው ሰልፍ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መኪና ውስጥ የቀረው ማን ነበር?»

ስልኩን አጥፌ እጄን አነሳሁ። «ወገኖቼ፣ አልተግባባንም፤ እኔ የምለው የጀልባ መሪ ነው!»

«በትክክል!» አለ ባለኮፍያው ኮፍያውን አውልቆ። «ጀልባችን ናት እኮ! ጀልባችንን ማዕበል መሃል ያቆማት እሱ ነው!»

«ኧረ እውነተኛ ጀልባ ነው፣ በጨው ውሃ የዛገ …»

«ጨዉማ እኛ ነን፣ ያልጣፈጥነው!»

ባለሱቋ እንጀራዬን አስታቀፈችኝ። «አንተ ልጅ፣ ሱቄን ሳታስፈርስ ውጣልኝ።» ፓርኪንጉ ላይ አንዱ ተከትሎኝ ወጥቶ እጄን ጨበጠና «በርታ፣ ወጣቱ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ደስ ይላል» አለኝ። ሌላው ደግሞ መኪናዬ መስኮት ጋ ጎንበስ ብሎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ማነው የላከህ?» አለኝ።

ጋሽ ደመላሽ በማግሥቱ «መሪው እንቢ ካለ መቅዘፊያውን አምጣው፣ እሱን እንኳ እኔ አላቅቀዋለሁ» አሉ። መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ስለነበር ከእኔ የሚረዝመውን መቅዘፊያ ይዤ በባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ፈረንጁ አየኝና ዓይኑን ወደ ጋዜጣው መለሰ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ግን ፊት ለፊቴ ነበሩ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«መቅዘፊያ ነው እማማ። ባህር ላይ ጀልባ የሚነዳበት።»

መቅዘፊያውን ከላይ እስከ ታች፣ እኔን ከታች እስከ ላይ አዩና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሜሪካን የመጣኸው በእሱ ነው?»

ጋሽ ደመላሽ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ጠበቁኝ። ሰናይት ሥራ ላይ ናት። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን ኮሪደሩ ላይ ተሰለፍን። «በል፣ ሳብ!» እስባለሁ፤ እሳቸው ይመጣሉ። ይስባሉ፤ እኔ እሄዳለሁ። መቅዘፊያው ሳይረዝም ሳያጥር ሁለታችንን ሳሎንና መኝታ ቤት መሃል ሲያመላልሰን ቆይቶ በመጨረሻ ሶፋው ላይ ጣለን። የተለያየነው እኛ ነን፤ እሱ አልተለያየም።

ትንፋሻቸው መለስ ሲል «አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ሰናይት እንዳትሰማ።»

«ምን ጋሼ?»

«እኔ ከበሮ መቺ ነበርኩ።»

«የት?»

«ባህር ኃይል ነዋ! የማርሽ ባንዱ ውስጥ፣ ትልቁን ከበሮ። መርከብ ሲወጣ ወደቡ ላይ ተሰልፈን ድም! ድም! እናደርጋለን። መርከቧ ትሄዳለች፣ እኛ ከበሯችንን ተሸክመን ወደ ካምፕ። ሳየው የኖርኩት የመርከብ ጀርባ ነው።»

«አንድ ቀንም አልወጡም?»

«አንድ ቀንም። አንዴ ባንዱ አብሮ ሊወጣ ተፈቅዶ ነበር። ከበሮው ቦታ ይይዛል ተባለና እኔ ቀረሁ።» ሳቁ፤ እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። «እዚህ ስመጣ ባህር ኃይል ነበርኩ ስል ካፒቴን አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ካፒቴን ሆንኩ። አሁን ካፒቴኑ ባህር ሳይገባ ተራራ ሊወጣ ነው።»

እንግዲህ ከዚያ ቀን በኋላ መሪው የእኔ ሳይሆን የሳቸው ሆነ። አላረፍኩም። መቅዘፊያውን ተውኩት፤ ለመቅዘፊያ አንድ መሆን ነውር አይደለም። ዚፑን በሻማ ሰም፣ ፔዳሎቹን በጥርስ ብሩሽ ወደ ሰውነት መለስኳቸው። መሪው ብቻ ቀረ። ዓርብ ዕለት የመጨረሻውን ሙከራ አሰብኩ፤ ቀኑን ሙሉ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌው፣ ከዚያ አለቅልቄ ወፍራም ቅባት ላጠጣው። ግን ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ። ከትምህርት ቤት ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ።

«እትዬ፣ በረንዳው ስር የጀልባዋ ጭራ ላይ ያለውን ብረት በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ቅባት ይቀቡልኛል?»

«የቱን ቅባት?»

«መደርደሪያው ላይ ያለውን። በደንብ ያጠጡት፣ አይሳሱ።»

እኔ ያልኩት የቤዝመንቱን መደርደሪያ ነው። እትዬ ብርቄ የሚያውቁት መደርደሪያ ኩሽናቸው ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጓሮ ስወጣ ምን ሸተተኝ? ኮሰረት። ሸራው ተገልቧል። በረንዳው ላይ ትንንሽ፣ የልጅ እጅ የሚመስሉ የቅቤ አሻራዎች እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳሉ። ራኩን የሚባለው፣ ድመት የሚያህል፣ ጭምብል አጥልቆ የሚዞረው የዚህ አገር ሌባ አውሬ ነው። የመሪው ገመድ ተቆራርጦ እንደ መኮረኒ ተበታትኗል።

«እትዬ! ምን ነበር የቀቡት?»

እትዬ ብርቄ በቢጃማ ወጡ። «ንጥር ቅቤ ነዋ! አይሳሱ አልከኝ፣ አልሳሳሁም። ለራስ ፀጉሬ የማላወጣውን ለብረትህ አወጣሁልህ።»

«ጨው አለበት?» አልኩ ሳላስበው። ሙያዬ ነው።

«እኔ? ቅቤ ላይ ጨው? የማን ልጅ መሰልኩህ?»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ዞር ስል ነው ያየሁት። መሪው ወርዷል። ቀጥ ብሎ መሬቱን ነክቶ ተንጠልጥሏል። በእጄ አነሳሁት፤ ተነሳ። ለቀቅኩት፤ ወረደ። ውሃዬና ዘይቴ ያዘጋጁትን ማጠፊያ ያ ሌባ ቅቤውን ልልስ ብሎ ሲጎትት፣ ሲያወዛውዝ አላቅቆታል። ሱቁ ውስጥ በኃይል ነው በዝግታ ነው ብለው የተጣሉት ሰዎች ቢያዩት! መሪው የወረደው በምላስ ነው።

«አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ማለት ይሄ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ የገመዱን ቁርጥራጭ በእግራቸው እየነኩ። «ላሰልህና ገመድህን በላብህ።»

ሰናይትና አባቷ ባህሩ ዳር ሊጠብቁኝ ከቤት ወጥተዋል። ሱቅ ዞሬ ገመድ የምፈልግበት ጊዜ የለም። ዓይኔ የእትዬ ብርቄ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አረፈ። የሳቸውም ዓይን ዓይኔን ተከትሎ ሄደ።

«አይሆንም» አሉ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሽማግሌ ነው፤ ነገ አገር ለቀው የሚሄዱ።»

«ታዲያ አንሶላዬን ምን ላይ ላስጣው?» እያሉ ገመዱን የሚፈቱት ግን እሳቸው ናቸው። ቅቤውን በሳሙና አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ ትክክለኛውን ቅባት ቀብቼ፣ ገመዱን አስሬ ነዳሁ።

ቼሳፒክ የሚባለው ባህረ ሰላጤ የወንዝም የውቅያኖስም ልጅ ነው፤ ጨዉ ከዋናው ባህር ቢያንስም አለው። ጸጥ ያለ ጥግ መርጬ ነበር። ጋሽ ደመላሽ ኮታቸውን አውልቀው በቀበቶ ጥብቅ ብለው ጠበቁኝ፤ ሰናይት እጇን አጣምራለች።

«አሳየኝ» አለች።

ገመዱን ሳብኩ። የእትዬ ብርቄ የልብስ ማስጫ ጥቂት አጉረመረመ። መሪው ዝግ ብሎ፣ እንደ ተረታ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ወረደ። አነሳሁት፤ ተነሳ። እንደገና አወረድኩት።

ሰናይት ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ክትፎ ክትፎ ይላል።»

«ረጅም ታሪክ ነው።»

«አታስረዳኝ» አለች ቶሎ ብላ፤ ከዚያ የአባቷን ሰደርያ በራሷ እጅ ዚፑን እስከ አገጫቸው ዘጋችላቸው።

ጋሽ ደመላሽ ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ መቅዘፊያዎቻችን እንደ ገና ጨዋታ ዱላ ተጋጩ። እኔ ስለ ቅንጅት ማስረዳት ስጀምር እሳቸው «ዝም በል አንተ ልጅ» አሉና በጉንጫቸው ከበሮ መምታት ጀመሩ፤ ድም! ድም! በድም ግራ፣ በድም ቀኝ። ጀልባዋ ቀጥ አለች። ሁለት የባህር ወፎች ኮሰረቱ ሸቷቸው ነው መሰል ከጭራችን አልለይ አሉ። ጋሽ ደመላሽ ቀና ብለው አይተዋቸው «አጃቢ ነው» አሉ።

ከጥጉ ወጥተን ሰፊው ውሃ ላይ ስንደርስ ድምድምታው ቆመ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱት፤ ፊታቸውን አጨማደዱና ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ «አዙረኝ» አሉኝ። በፔዳሉ መሪውን ረገጥኩት፤ ታዘዘ። ጀልባዋ ዞረች።

ዳርቻው ከሩቁ ታየን። ሰናይት ውሃው ጠርዝ ላይ ቆማ፣ ሻሿን ፈትታ፣ በሁለት እጇ ታውለበልባለች።

ጋሽ ደመላሽ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ዳርቻውን ተመለከቱ። በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ለካ ከዚህ ሲያዩት እንደዚህ ነው» አሉኝ። ደግሞም መቅዘፊያቸውን ከፍ አድርገው መለሱላት። ጀልባዋ ተናጋች፤ እኔ ስለ ሚዛን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስንመለስ ዳር ላይ የመታጠቢያ ቧንቧ ነበር። ተማሪ ሁለተኛ አይሳሳትም። የቧንቧውን ጎማ ስቤ ጀልባውን፣ ፔዳሎቹን፣ ዚፖቹን፣ መሪውን ከነማጠፊያው፣ መቅዘፊያዎቹን፣ ጫማዬን አለቀለቅኩ። ሰናይት እየሳቀች መኪና ልታስነሳ ሄደች። ጋሽ ደመላሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እስከ ወገባቸው ርሰዋል፤ የቀበቷቸው የብረት ዘለበት ላይ የባህሩ ውሃ እየደረቀ ነጭ ጠርዝ ሠርቷል። ጎማውን ይዤ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ዘለበትዎን ላለቅልቀው። እንዲሁ ከተውት ቶሎ ይዝጋል።»

እጃቸውን ዘለበቱ ላይ ጣል አደረጉ። ልጃቸው መራቋን በዓይናቸው አረጋግጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይዛግ» አሉኝ። «አለዚያ ዴንቨር ላይ ማን ያምነኛል?»

ውሃውን ዘጋሁት።